ሁለት ዳታ ሴንተር እያለን ሜይል ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የአንድ ባንክ አይቲ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ስሜ ይቆየኝ። ሜይላችን ኤክስቼንጅ 2019 ነው፤ የማይክሮሶፍት የሜይል ሰርቨር። ሁለት ሰርቨር ዋናው መሥሪያ ቤት አለን። ሁለት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ዲአር ሳይታችን (ዋናው ሲወድቅ እንዲረከብ በተዘጋጀው ቦታ) ናቸው። አራቱም በአንድ ዳግ ታስረዋል፤ የሜይል ዳታቤዞቹን ቅጂ የሚጋሩ ሰርቨሮች ቡድን ማለት ነው። ዊትነሱ፣ ማለትም ለቡድኑ ምስክር የሚሆነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለ ፋይል ሰርቨር ነው። ባለፈው ወር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ አልነሳ አለ። ዩፒኤሱ ሲያልቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ድርግም አለ። ዲአር ላይ መብራትም ኔትወርክም ነበር፤ ሜይል ግን እስከ 11 ሰዓት አልተነሳም። አለቃዬ «ይህን ሁሉ ብር ያወጣነው ለምንድነው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ሌላም አለኝ። በደህናው ቀን እንኳ አንዱ ሰርቨር ተጨናንቆ ሌላው ሥራ ፈቶ ይውላል። አንዳንዴ ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ሜይሉ ይከፈትለታል፣ ግማሹ ባዶ ገጽ ይመጣበታል። ጥያቄውን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለውን ሎድ ባላንሰር ስናይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአለቃሽ የምትመልሺውን ልስጥሽ። ዲአር ያሉት ሰርቨሮች አልተበላሹም። ያደረጉት እንዲያደርጉ የተሠሩትን ነው።

ዳግ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው። የሰርቨሮቹ ቁጥር ጥንድ ሲሆን ዊትነሱ አንድ ድምፅ ይጨምራል። እናንተ ጋ አራት ሰርቨርና አንድ ዊትነስ፣ በድምሩ አምስት ድምፅ አለ። ዳታቤዞቹ ክፍት ሆነው እንዲቆዩ ከአምስቱ ሦስቱ መገናኘት አለባቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሲጨልም ሦስት ድምፅ አብሮ ጨለመ። ዲአር ላይ የቀረው ሁለት ነው። አባላቱ ያልሞሉበት የእድር ስብሰባ ውሳኔ አያሳልፍም፤ እነሱም አላሳለፉም።

«ባንድ ጊዜ ድርግም አለ» ያልሽውን ልብ በይ። አዲሶቹ ዊንዶውስ ሰርቨሮች ድምፁን እየቆጠሩ ያስተካክላሉ። ሰርቨሮቹ በየተራ፣ በደህና ቢዘጉ ኖሮ የቀሩት እንደገና ተቆጥረው ዲአር ሊተርፍ ይችል ነበር። ዩፒኤሱ ሊያልቅ ሲል ሰርቨሮቹን በየተራ የሚዘጋ ሶፍትዌር አላችሁ? ከሌላችሁ ዛሬውኑ ጠይቂ። ብቻ ዕቅድሽን በዚህ ላይ አትመሥርቺ። ይህ የዕድል ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ዲአር ለምን በራሱ አይወስንም?» የሚል ይመጣል፤ ማኔጅመንት ሁሌ ይህን ይጠይቃል። ዲአር ያለው ሰርቨር ከተቀመጠበት ሆኖ ሲያይ፣ መብራት ጠፍቶበት የሞተ ዋና መሥሪያ ቤትና ፋይበሩ የተቆረጠበት ዋና መሥሪያ ቤት አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝም ይላሉ። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር የተበጠሰበትን ቀን አስቢ። ያን ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት በሕይወት ነበረ፣ ሰውም ሜይል እየላከ ነበረ። ዲአር «ሞቷል» ብሎ ያንኑ ሜይል ቦክስ ቢከፍት፣ አንድ ሰው ሁለት ሜይል ቦክስ ይኖረዋል። አንዱ ጋ የገባው ደብዳቤ ሌላው ጋ የለም። መስመሩ ሲመለስ የትኛው እውነት ነው? ይህን ማስታረቅ ሦስት ሰዓት ሜይል ከማጣት በጣም የከፋ ነው።

ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ የዊትነሱ ቦታ ነው። ብዙ ሰው «በቃ ወደ ዲአር እናዛውረው» ይላል። እኔ አልመክርም። ፋይበሩ በተቆረጠ ቀን ዲአር ሦስት ድምፅ ይይዝና ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ሕዝብ በሙሉ ሜይል ያጣል፤ መብራት እያለው፣ ሰርቨሩ አጠገቡ እየሠራ። የመስመር መቆረጥና የመብራት መጥፋት ከነጀነሬተሩ የቱ ይበዛል? ያለፈውን ዓመት የብልሽት መዝገብ አውጥተሽ ቁጠሪ። እኔ ካየሁት የመስመሩ ይበዛል።

ደህናው መፍትሔ ሦስተኛ ቦታ ነው። ዊትነስ ማለት ተራ ፋይል ሰርቨር ነው። ኤክስቼንጅ አያስፈልገውም፣ ትልቅ ማሽንም አይፈልግም። ደህና መብራት ያለው አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከዚያ ቅርንጫፍ ወደ ዲአር የሚሄደው መስመር በዋናው መሥሪያ ቤት ራውተር በኩል ካለፈ፣ ዋናው ሲጨልም ዊትነሱም አብሮ ይጠፋል። የባንክ ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ቅርንጫፍ ወደ መሃል የሚገባበት ነው። ስለዚህ የኔትወርክ ልጆቹን ካርታውን አስወጪያቸውና መስመሩን በጣትሽ ተከተይ። ቅርንጫፉ ወደ ዋናው አንድ መንገድ፣ ወደ ዲአር ደግሞ ሌላ የራሱ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ይህ ከሌለ ሦስተኛ ቦታ አለን አትበሉ። አዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ላይ ቨርቹዋል ማሽን ተከራይቶ ዊትነሱን እዚያ ማድረግም ይቻላል፤ እሱም ከሁለቱም ሳይት ለየብቻ ቪፒኤን ይፈልጋል።

ሦስተኛ ቦታ ባይገኝስ? ዊትነሱ ባለበት ይቆይና ማሻገሩ በሰው እጅ ይሁን። ይህ ነውር አይደለም። ብዙ ትላልቅ ድርጅቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት። ግን አሁኑኑ አብሪው የምልሽ አንድ ቅንብር አለ፤ ዳክ ሞድ ይባላል። ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፣ ሜይል አያቋርጥም።

ጥቅሙ መብራት የሚመለስ ጊዜ ነው። ዲአርን በእጅ አንስተሻል እንበል። ሰው ሜይሉን እዚያ እየተጠቀመ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት መብራት መጣ። ሁለቱ ሰርቨሮችና ዊትነሱ ተነሱ፤ ራውተሩ ግን ገና ነው፣ ወይም ፋይበሩ ገና አልተገናኘም። ሦስት ድምፅ አላቸው! ዳክ ከሌለ ዳታቤዞቹን ይከፍታሉ፤ ቅድም የፈራነው ይመጣል። ዳክ ሲኖር ግን የተነሳ ሰርቨር ሁሉ መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ወይ ዳታቤዝ እንዲከፍት የተፈቀደለትን ሌላ ሰርቨር ማግኘት አለበት፣ ወይ አባላቱን በሙሉ ማግኘት አለበት። እስከዚያ ምንም አይከፍትም።

በእጅ ማሻገሩ እንዲህ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት መሞቱን በስልክ ታረጋግጫለሽ፤ በፒንግ ብቻ አይደለም፣ ሰው ደውለሽ ነው። ከዚያ ዲአር ላይ ሆነሽ የዋናውን ሰርቨሮች «ቆመዋል» ብለሽ ታስመዘግቢያለሽ። ቀጥሎ ዲአር ባሉት ሰርቨሮች ላይ ድምፁን የሚቆጥረውን የክላስተር ሰርቪስ ታቆሚያለሽ። በመጨረሻ ዳጉን በተለዋጭ ዊትነስ ታስነሺያለሽ። ተለዋጩ ዊትነስ አስቀድሞ ዲአር ላይ ተዘጋጅቶ ይቆያል። እነዚህ የማቆምና የማስነሳት ትዕዛዞች የተሠሩት ዳክ ለበራበት ዳግ ነው፤ ሳይበራ በችግር ቀን አትሞክሪያቸው። ትዕዛዞቹ ታትመው ዲአር ሳይት ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። መመሪያውን ሜይል ውስጥ ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ።

ሌሎች ሁለት ነገሮች ፈትሺ። አንደኛ፣ ዲአር ላይ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የተጠቃሚዎቹ ስምና ፈቃድ ማኅደር) እና ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው) አለ ወይ? ኤክስቼንጅ ያለ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቁጭ ነው። ሁለተኛ፣ ዲአር ሰርቨሮቹ ላይ ዳታቤዝ በራሱ እንዳይነሳ ያገደ ሰው እንዳለ እዪ። አማካሪዎች ሲተክሉ ብዙ ጊዜ ያግዱታል፣ ምክንያትም አላቸው፤ ዲአር በትንሽ በትልቁ እንዳይረከብ ነው። ግን እገዳው ካለ ዊትነስሽን ጨረቃ ላይ ብትሰቅይውም ዲአር በራሱ አይነሳም።

አሁን ወደ ሜይላችሁ ስም ልምጣ። ዳታቤዙ ዲአር ላይ ተነስቶ የሜይላችሁ ስም አሁንም ወደ ሞተው ሎድ ባላንሰር የሚጠቁም ከሆነ ለሠራተኛው ለውጥ የለም። አንድ ስም ይዛችሁ የሁለቱንም ሳይት አድራሻ ዲኤንኤስ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አውትሉክም ብራውዘሩም አንዱ ሲዘጋበት ሌላውን ይሞክራል። በሁለቱ ሳይቶች መካከል ያለው መስመር ሰፊና ደህና ከሆነ ይህን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ዲአር ያረፈ ጥያቄ ዳታቤዙ ወዳለበት ዋናው መሥሪያ ቤት በዚያው መስመር ይመለሳል። መስመሩ ጠባብ ከሆነ ስሙ ወደ ዋናው ብቻ ይጠቁም፣ የዲኤንኤሱ ዕድሜ (መልሱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) 5 ደቂቃ ይሁን፤ በችግር ቀን በእጅ ትቀይሪዋለሽ። የውጭውን ዲኤንኤስ ፓስዎርድ ማን እንደያዘ ግን ዛሬ አረጋግጪ። ሥራ የለቀቀ ልጅ ስልክ ላይ ቀርቶ ያለቀሱ አሉ።

ከውጭ የሚመጣ ሜይል ብዙ አያስጨንቅሽ። የላኪው ሰርቨር መልስ ሲያጣ ለቀናት እየደጋገመ ይሞክራል። በማሻገር መሃል የተንጠባጠበውንም ኤክስቼንጅ ራሱ፣ ካልነካሽው ለ2 ቀን ቅጂ ይዞ ስለሚቆይ፣ መልሶ ያስገባዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። እኔን ይበልጥ ያዝናናኝ እሱ ነው።

አንዱ ሰርቨር ሲጨናነቅ ሌላው የሚያርፈው፣ ገምቼ ነው፣ ሎድ ባላንሰሩ ላይ «ከአንድ አድራሻ የመጣን ሁሌ ወደ አንድ ሰርቨር ላክ» የሚል ቅንብር ስላለ ነው። ይህ የኤክስቼንጅ 2010 ዘመን ቅንብር ነው። ያኔ ግድ ነበር። ከ2013 ወዲህ አያስፈልግም፤ ጥያቄው የትኛውም ሰርቨር ላይ ቢያርፍ ሰርቨሩ ራሱ ዳታቤዙ ወዳለበት ያስተላልፈዋል። አሁን የእናንተን ኔትወርክ አስቢ። ቅርንጫፎቹ በሙሉ በአንድ ፋየርዎል አድራሻ ተጠቅልለው የሚመጡ ከሆነ፣ ለሎድ ባላንሰሩ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ያን «አንድ ሰው» ሁሌ ወደ አንድ ሰርቨር ይልከዋል። ቅንብሩን አጥፊው። ጭነቱ ወዲያው ሲከፋፈል ታያለሽ።

አረንጓዴ ሆኖ ባዶ ገጽ የሚያመጣው ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ስለሚያንስ ነው። 443 ፖርት (የዌብ መግቢያው) ክፍት ነው ወይ ብቻ ብሎ ይጠይቃል። አይአይኤስ፣ የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨሩ፣ በሕይወት እስካለ ፖርቱ ክፍት ነው። ከውስጥ ኦደብሊውኤ (በብራውዘር የሚከፈተው ሜይል) ሞቶ ሊሆን ይችላል። ኤክስቼንጅ ግን ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሄልዝቼክ የምትባል ገጽ አለው፤ ለኦደብሊውኤ፣ ለማፒ (ለአውትሉክ)፣ ለአክቲቭሲንክ (ለስልክ)፣ ለአውቶዲስከቨር (ቅንብሩን በራሱ ለሚያገኘው)፣ ለሌሎቹም ለየብቻ። ሰርቨሩ ራሱን መርምሮ ያ አገልግሎት ደህና ሲሆን ብቻ «200 ኦኬ» ይመልሳል። ገጿን ማንም አይሠራትም፤ ፋይል ብለሽ ዲስክ ላይ ብትፈልጊያት አታገኚያትም። ሎድ ባላንሰሩ እሷን ይጠይቅ። መሣሪያችሁ የሚጠራውን አድራሻ አንብቦ መለየት የሚችል ከሆነ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የራሱን ምርመራ ስጪው። ያኔ የአንዱ ሰርቨር ኦደብሊውኤ ቢሞት ኦደብሊውኤ ብቻ ከዚያ ይነሳል፤ የሰዎች ስልክ በአክቲቭሲንክ መሥራቱን ይቀጥላል።

ስትነኪው ሰርተፊኬቱን አትርሺ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ከወጣው ሲዩ14 (የኤክስቼንጅ የማሻሻያ ጥቅል) ጀምሮ ኤክስቴንድድ ፕሮቴክሽን፣ በመሃል የሚገባን ሌባ የሚከላከለው፣ ሲጫን በራሱ ይበራል። ሎድ ባላንሰሩ ትራፊኩን ከፍቶ የሚያይ ከሆነ እሱም ሰርቨሮቹም አንድ ዓይነት ሰርተፊኬት መያዝ አለባቸው፣ ወደ ሰርቨሩም መልሶ አመስጥሮ መላክ አለበት። አለዚያ አውትሉክ ፓስዎርድ እየጠየቀ ሰውን ያሳብዳል።

«ትንሹ ግንኙነት ወዳለው ሰርቨር ላክ» የሚለውን ስልት ከመረጣችሁ፣ አዲስ የተነሳ ሰርቨር ባዶ ስለሆነ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይወርድበታል። ቀስ ብሎ እንዲጀምር የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ አብሪው። ሎድ ባላንሰሩም ራሱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያው አንድ ሲሞት ሁሉም የሚሞትበት ነገር ነው፤ ጥንድ ይሁን።

ስለ ኤስኤምቲፒ፣ ሜይል ስለሚላክበት መንገድ፣ ሳልነግርሽ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። የባንክ ሶፍትዌሮች፣ ስካነሮች፣ የማሳወቂያ ሲስተሞች ያለ ፓስዎርድ በ25 ፖርት ሜይል እንዲልኩ በአይፒ አድራሻቸው ተፈቅዶላቸው ይሆናል። 25ንም ከሎድ ባላንሰሩ ጀርባ ካስገባችሁትና መሣሪያው የላኪውን አድራሻ በራሱ አድራሻ የሚተካ ከሆነ፣ ኤክስቼንጅ የሚያየው የሎድ ባላንሰሩን አይፒ ብቻ ነው። ማሳወቂያው ይቆማል። ያኔ አንዱ ልጅ ቸኩሎ የሎድ ባላንሰሩን አይፒ ይፈቅዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በእሱ በኩል የሚመጣ ማንም ሰው በባንኩ ስም ወደ ውጭ መላክ ይችላል። ስለዚህ ለ25 ፖርት የላኪው እውነተኛ አድራሻ ሳይቀየር ይድረስ። ያ ካልሆነ ለውስጥ ሲስተሞቹ በፓስዎርድ የሚላክበት ሌላ መንገድ ይኑር።

ልምምድ አድርጉ። እሑድ ጠዋት፣ ደመወዝ የማይገባበት ሳምንት፣ ማኔጅመንቱ እያወቀ። ሪፖርት ስትጽፊ ደግሞ ሰዓቱን ለይተሽ ጻፊ። ቴለሯ «8 ሰዓት ላይ ሲስተም የለም አለኝ» ስትል ሎጉ ላይ የምትፈልጊው 14 ሰዓትን ነው፤ አንዳንዱ የኤክስቼንጅ ሎግ ደግሞ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው የዓለም ሰዓት) ስለሚጽፍ 11 ይልሻል። ኬንያ ያለ የድጋፍ ሰው ለግማሽ ቀን የተሳሳተ ሎግ ሲያነብ አይቻለሁ፤ ጥፋቱም የእሱ አልነበረም።

ኤክስቼንጅ 2019 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ አልቋል። ተተኪው ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ነው። ሲዩ14 ወይም ሲዩ15 ላይ ከሆናችሁ እንደማንኛውም ሲዩ በላዩ ይጫናል፤ አዲስ ሰርቨር አይጠይቅም። ለአለቃሽ የበጀት ደብዳቤ ስትጽፊ ሦስተኛውን ቦታና ይህን አንድ ላይ አድርጊያቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዱባይ በአንድ ሆቴል ነው የምሠራው። ስልካችንም ስብሰባችንም በስካይፕ ፎር ቢዝነስ ሰርቨር 2019 ነው። ሻጩ ሎድ ባላንሰር ግዙ ይላል፣ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ዲኤንኤስ ይበቃል» ይላል። ማንን ልመን? ደግሞ ሁለት ፑል (የሰርቨሮች ቡድን) አጣምረናል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው በራሱ ይረከባል አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ለጥሪውና ለቻቱ፣ ማለትም ለሲፕ ትራፊክ፣ ዲኤንኤስ ይበቃል። የፑሉን ስም ዲኤንኤስ ላይ ለሁሉም ሰርቨሮች አድራሻ ትሰጠዋለህ፤ ፕሮግራሙ አንዱ ካልመለሰለት ሌላውን ይሞክራል። የዌብ አገልግሎቱ ግን፣ ማለትም የስብሰባ ሊንኩ፣ የአድራሻ ደብተሩና የሞባይል አፑ፣ ሎድ ባላንሰር ይፈልጋል። ስለዚህ ግዛ፣ ግን ለዌቡ ብቻ የሚበቃ ትንሽ ግዛ። ሻጩ ሁሉንም ትራፊክ የሚሸከም ትልቅ ሊሸጥልህ ከፈለገ እምቢ በለው። ፑሉ ውስጥ ሁለት ሰርቨር ብቻ ካለ ደግሞ ሦስተኛ ጨምር፤ ገንዘቡ እዚያ ላይ ቢውል ይሻላል።

ማጣመሩን በተመለከተ፣ አይደለም፣ በራሱ አይረከብም። አንዱ ፑል ሲሞት ሰዎቹ በራሳቸው ወደ ሌላው ይመዘገባሉ፤ ስልክ መደወልና መቀበል ይችላሉ። የስም ዝርዝራቸውና ስብሰባቸው ግን አይኖርም። ሙሉው የሚመለሰው አንተ በፓወርሼል ፑሉን ስታሻግር ነው። ስለዚህ የሌሊቱ ተረኛ ትዕዛዙን የሚያውቅና ሥልጣኑ ያለው ሰው ይሁን፤ ሆቴል ውስጥ ችግሩ የሚመጣው እንግዳ በሚበዛበት ሌሊት ነው። በቅደም ተከተሉም ተጠንቀቅ። ማዕከላዊው የማኔጅመንት ሰርቨር በሞተው ፑል ላይ ከነበረ መጀመሪያ እሱን ታሻግራለህ፣ ፑሉን ከዚያ በኋላ።